የኋላ መብራትህ ያንተ አይደለም

ነገሩ የሆነው ከመርሳ ተነስተን ወደ ሐራ ስንሄድ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ብላ ዓይን ትወጋለች። አራት ሆነን አንዲት ዕድሜ የጠገበች ኮሮላ ውስጥ ታጭቀናል። ከፊታችን የተወለወለች ነጭ ቪትዝ ትሄዳለች። ከኋላችን ደግሞ ጭነቱ ከጋቢናው በላይ የተቆለለ ኤፍ ኤስ አር ይከተለናል። እኛ በኳስ እንጨቃጨቃለን።

ድንገት ቪትዟ ትልቅ ሆነች።

ሌላ የምንገልጽበት ቃል የለንም። ፍሬን የያዘች አልመሰለችንም፣ ምልክትም አላየንም፤ ዝም ብላ ትልቅ ሆነች። ሾፌራችን መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ኮሮላዋ ከአስፋልቱ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ ቆመች። ኤፍ ኤስ አሩ ጎማው እየጮኸ ከቪትዟ ፓራውልት አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጥ አለ። ከቪትዟ ፊት አምስት ግመሎች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ አስፋልቱን በእርጋታ ያቋርጣሉ።

ሁላችንም ወረድን። የቪትዟ ባለቤት በእኛው ዕድሜ ያለ፣ ሽክ ያለ ልጅ ነው። «ምን ሆናችሁ ነው? ፍሬን ይዣለሁ እኮ!» አለን። እውነቱን ነው፣ ይዟል። የጎማው ምልክት አስፋልቱ ላይ አለ።

የኤፍ ኤስ አሩ ሾፌር ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። አንዳችንን «አንተ ግባና ፍሬኑን እርገጥ» አሉ። ከዚያ የቪትዟን ባለቤት ትከሻውን ይዘው ከመኪናው ኋላ አሥር እርምጃ ያህል ወሰዱትና አዞሩት። «ልጄ፣ እስቲ ተመልከት» አሉት።

ልጁ የገዛ መኪናውን ጀርባ አየ። ቆየ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦

«በርቷል እንዴ?»

በርቷል ጋሼ። በርቷል ወንድማችን። ከዚያ ጥቁር ላስቲክ ሥር፣ የሞተ ከሰል ውስጥ እንደቀረ ፍም፣ በርቷል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያች ጥያቄ ነው። የመኪና የኋላ መብራት ላይ ጥቁር ላስቲክ መለጠፍ ፋሽን ሆኗል። እኛ ደግሞ ይህ ፋሽን ይቅር እንላለን። ምክንያታችንም አንድ ነው፦ የኋላ መብራት የባለመኪናው ንብረት አይደለም። ከኋላው የሚመጣው ሰው ንብረት ነው።

መዘነጥ ምን ከፋ?

በመጀመሪያ ግልጽ እንሁን። እኛ የመዘነጥ ጠላቶች አይደለንም። መኪናውን የሚወድ ሰው ደስ ይለናል። አሮጌ መኪናውን በየእሁዱ ላቫጆ የሚወስድ፣ ለወንበሩ ልብስ የሚያሰፋ፣ ለመሪው ሹራብ የሚያለብስ ሁሉ ወዳጃችን ነው። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፣ እያነበበ ነው) ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ላስቲክ ሊያስለጥፍ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ነበር። ያስቀረው የመንገድ ደህንነት ግንዛቤ አይደለም፤ የዋጋ ክርክር ነው። ስለዚህ ከተራራ ላይ ሆነን የምንሰብክ አይምሰላችሁ። ጭስ የመሰለው መብራት ከጠቆረው መስታወት ጋር ሲገጥም መኪናዋ ኮስተር እንደምትል እናውቃለን። ያምራል። እናምናለን።

ሥራውም ቀላል ነው። ልጆቹ መብራቱን በሳሙና ውኃ ያጥባሉ፣ ላስቲኩን በሙቀት እየለጠጡ ከቅርጹ ጋር ያስማማሉ፣ ትርፉን በምላጭ ይቆርጣሉ፤ አለቀ። ላስቲክ የተወደደበት ደግሞ ጥቁር ቀለም ያስነፋል። ባጃጁም ቢሆን አልቀረለትም። ከኋላ ባለችው ትንሽ መብራት ላይ አንዱ የኳስ ቡድኑን አርማ፣ ሌላው የቅዱሱን ሥዕል፣ ሌላው «ማሻአላህ»ን ይለጥፍባታል። ቅዱሱም ሆነ ማሻአላህ ቦታቸው ሌላ ነው። ባለባጃጁ ጥበቃ ሲለምንበት ከኋላ የሚመጣው ሰው መጠበቂያውን ተነጠቀ።

ከጥቁር መስታወት ጋር ማምታታት ግን ልክ አይደለም። መስታወትህን ብታጠቁር በዋናነት የምትከልለው ራስህን ነው፤ ሕጉና አንተ ተነጋገሩበት። የኋላ መብራትህን ስታጠቁር የምትከልለው ግን የእኛን ዓይን ነው። ሾፌር በመኪናው ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ እየነዳ ጨርሶ ሊያየው የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር የራሱን የፍሬን መብራት ነው። ለዚህ እኮ ነው ያ ልጅ «በርቷል እንዴ?» ብሎ የጠየቀው። መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ አይቶት አያውቅም። የሚያየው ሲቆም ነው፣ ሲታጠብ ነው፣ ፎቶ ሲያነሳት ነው። ያኔ ደግሞ መብራቱ ጠፍቶ ነው። ጠፍቶ ያየውን ውበት፣ ሲበራ ለሚያየው ሰው ፈረደበት።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ

«ኧረ ይታያል! ትንሽ ነው የደበዘዘው» የሚል ክርክር ሁሌም ይመጣል። ጥሩ። ቁጥር አይዋሽም፣ እንቁጠር።

በብዙ መኪኖች ላይ ማታ የሚበራው የኋላ መብራትና የፍሬኑ መብራት አንድ አምፖል ናቸው። በአምፖሉ ውስጥ ሁለት ክር አለ። አንደኛው 5 ዋት ነው፣ ማታ ሁልጊዜ ይበራል። ሁለተኛው 21 ዋት ነው፣ ፍሬን ሲረገጥ ይጨመራል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ቦታ ይበራሉ። ከኋላ ያለው ሰው «መኪና አለ» የሚለውንና «መኪናው እየቆመ ነው» የሚለውን የሚለየው በምንድን ነው? በጥንካሬው ብቻ ነው። ደብዛዛ ቀይ ማለት «አለሁ» ነው። ደማቅ ቀይ ማለት «ቁም!» ነው። በቀይ መብራት ቋንቋ ውስጥ ያሉት ቃላት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ መብራት ደረጃ መሠረት የፍሬን መብራት ጥንካሬ ቢያንስ 60 ካንዴላ፣ የማታው የኋላ መብራት ደግሞ ቢያንስ 4 ካንዴላ መሆን አለበት። ሁለቱ በአንድ መብራት ውስጥ ሲሆኑ የፍሬኑ ከማታው ቢያንስ አምስት እጥፍ መብለጥ አለበት። አንድ ካንዴላ በግርድፉ የአንድ ሻማ ብርሃን ነው። እንግዲህ ፍሬን 60 ሻማ፣ ማታ 4 ሻማ እንበል።

አሁን 20 በመቶ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን ጠቆር ያለ ላስቲክ እንለጥፍበት። ስልሳው ሻማ አሥራ ሁለት ይሆናል። አሥራ ሁለት ሻማ የምን ልክ ነው? ላስቲክ ያልተለጠፈበት የሌላ መኪና የማታ መብራት ልክ! በሌላ አነጋገር «ቁም!» ብለህ ጮኸሃል፣ ከኋላህ ያለው ሰው የሰማው «አለሁ» ነው። አራቱ ሻማ ደግሞ አንድ እንኳ አይሞላም። በጨለማ መንገድ ላይ፣ ከባድ መኪና እየተከተለህ፣ ጀርባህ ላይ አንዲት ጧፍ ለኩሰህ ነው የምትሄደው።

«የእኔ እንኳ ፈዘዝ ያለው ነው፣ ግማሹን ያሳልፋል» ለምትለውም መልስ አለን። የኋላ መብራት ውስጥ አምፖል የማይፈልግ አንድ ነገር አለ፦ አንጸባራቂው። መኪናህ ተበላሽቶ፣ ባትሪው ሞቶ፣ በጨለማ መንገድ ዳር ስትቆም የሚያድንህ እሱ ነው። የሚመጣው መኪና ብርሃን ያርፍበትና ይመለሳል። አንጸባራቂው ከዚያው መስታወት ሥር ከሆነና ላስቲኩ ከሸፈነው ግን ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ቀረጥ ይከፍላል፤ ሲገባ ግማሹ ይቀራል፣ ሲወጣ ከቀረው ላይ ግማሹ ይቀራል። ከመቶ ሃያ አምስት። ጠቆር ባለው ላስቲክ ከሆነ ደግሞ ከመቶ አራት። አራት!

ሰው ሁሉ ይህን የሌሊት ጉዳይ አድርጎ ያስበዋል። እኛ ግን ሊገጭ የደረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቀን ላይ የፍሬን መብራት የሚታገለው ከጨለማ ጋር አይደለም፣ ከፀሐይ ጋር ነው። በሐራና በመርሳ ቆላ፣ ፀሐይ የመኪናውን ጀርባ በምትመታበት ሰዓት፣ ጤነኛ መብራት እንኳ ለመታየት ይቸገራል። የተሸፈነውማ ባይኖር ይሻላል። ባይኖር ቢያንስ «ፍሬን የለውም» ብለን እንርቀው ነበር።

አንዲት ሰከንድ ምን ታደርጋለች? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ከኋላህ ያለው ሾፌር «በርቷል ወይስ አልበራም?» እያለ አንድ ሰከንድ ቢያመነታ፣ ፍሬን ከመንካቱ በፊት የሁለት አውቶቡስ ያህል ርዝመት ወዳንተ ቀርቧል ማለት ነው። ሙሉ የጫነ ኤፍ ኤስ አር ሲሆን ደግሞ የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

የሳን ፍራንሲስኮ ታክሲዎች

ትንሽ መብራት ምን ያህል ለውጥ ታመጣለች ለሚል አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ቮይቮድስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ 343 ታክሲዎች ጀርባ ላይ አንድ ተጨማሪ መብራት ገጠመ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ትበራለች። ሌላ ምንም አልተቀየረም። ከአሥር ወራት በኋላ ሲታይ መብራቷ ያለባቸው ታክሲዎች ከሌሎቹ ይልቅ ከኋላ የመገጨታቸው ነገር ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ።

ተጨማሪ ጥናት ተጠና፣ ሕግ ወጣ፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ በኋላ መስታወቱ አካባቢ ሦስተኛ የፍሬን መብራት እንዲኖረው ተገደደ። ዛሬ ቪትዛችሁ ላይ ከፍ ብላ የምትታየው መብራት የዚያች ውጤት ናት። ሰው ሁሉ ሲለምዳት ጥቅሟ ቀንሶ ከኋላ የሚደርሰውን ግጭት በ4 በመቶ ገደማ ብቻ እንደምትቀንስ በኋላ ተረጋገጠ። አራት በመቶ ብቻ! ለዚያች አራት በመቶ ሲሉ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ላይ መብራት ጨመሩ። እነሱ ሰውን ለማዳን ሦስተኛ ይጨምራሉ፣ እኛ ያሉንን ሁለቱን እንሸፍናለን። ጉድ ነው!

የሰበብ ገበያ

ይህን ጉዳይ ለወዳጆቻችን ስናነሳ የሰማናቸውን መልሶች በየተራ እናንሳቸው።

አንድ፦ «መኪናው የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ።» ኮፋኖው ያንተ ነው። ወንበሩ ያንተ ነው። ቀለሙን ቢጫ አድርገው፣ አረንጓዴ አድርገው፣ እንስቃለን እንጂ አንከለክልህም። የኋላ መብራቱ ግን መልእክት ነው፤ መልእክት ደግሞ የተቀባዩ ነው። የጎረቤትህን ደብዳቤ ተቀብለህ ስታበቃ «ፖስታው ያምራል» ብለህ ግድግዳህ ላይ ብትሰቅለው ምን ትባላለህ?

ሁለት፦ «እዚህ አገር ጭራሽ መብራት የሌለው ስንት አይሱዙ አለ! እኔ ላይ ምን አስቸኮላችሁ?» ይህ የሚከብደን ክርክር ነው፣ እውነት ስላለበት። አዎ፣ ሁለቱም መብራቱ የሞተበት፣ አንዱ ብቻ የሚበራለት፣ በጭቃ የተለበጠ የጭነት መኪና በየመንገዱ አለ። ሕዝቡ አይሱዙን «አል ቃኢዳ» ብሎ ስም ያወጣለት በጨዋታ ብቻ አይደለም። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ያ ሾፌር አምፖል የሚገዛበት ሳይኖረው፣ አሠሪው «ነገ» እያለው፣ ገመዱ ተበጥሶበት ነው። አናጸድቀውም። አንተ ግን ጤነኛ መብራት ነበረህ፣ ገንዘብ ከፍለህ አሳወርከው። የሱ ድህነትና ቸልተኝነት ነው፣ ያንተ ምርጫ ነው። ደግሞስ የሰው ጥፋት ያንተን ጥፋት ከመቼ ወዲህ አጥቦ ያውቃል?

ሦስት፦ «ኤልኢዲ አምፖል አስገብቼበታለሁ፣ ያካክሳል።» ማን ለካው? መብራቱ የተሠራው አምፖሉ፣ መስተዋቱና ቀዩ ፕላስቲክ ተጣጥመው ነው። ገበያ ላይ የተገኘ አምፖል ከትተህ፣ ገበያ ላይ የተገኘ ላስቲክ ለጥፈህ፣ «ያካክሳል» ማለት ስኳር የበዛበትን ሻይ በጨው ማስተካከል ነው።

አራት፦ «ትራፊኩ እኮ ሻይ መጠጫ ፈልጎ ነው የሚይዘን።» ሊሆን ይችላል። ሻይ የሚፈልግ አይጠፋም። ግን ይህን ካወቅህ ለምን ማስረጃውን በጀርባህ ተሸክመህ ትዞርለታለህ? ላስቲኩን ላጠው፣ ሻዩም አብሮ ይቅር።

ቅጠል የሚዘነጥለው ሾፌር

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነን ግን ይህ ፋሽን ከራሳችን ልማድ ጋር መጣላቱ ነው።

በዚህ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የጭነት መኪና ኩርባ ላይ ሲበላሽ ረዳቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ሞተሩን መክፈት አይደለም። ይሮጣል። ከመንገዱ ዳር ቅርንጫፍ ይዘነጥላል፣ ወደ ኋላ እየሄደ በየተወሰነ እርምጃ አስፋልቱ ላይ ይጥላል። ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ባይኖረው ቅጠሉ ምልክቱ ነው። ያንን ቅጠል ያየ ሾፌር ደግሞ ማንም ሳይነግረው እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። (ድንጋይ ደርድረው እዚያው ጥለውት የሚሄዱትን ሌላ ቀን እንጣላቸዋለን።)

ያ ረዳት የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት በር አልረገጠም ይሆናል። ግን አንድ ነገር ገብቶታል፦ ከኋላዬ ሰው አለ። የማላውቀው፣ የማላየው፣ ምናልባትም የማላገኘው ሰው። ለእሱ ቅጠል መጣል አለብኝ።

ፍሬቻውም እንደዚሁ ነው። በጣርማ በር ጉም ውስጥ፣ ወይም በውጫሌ ቁልቁለት፣ ከጭነት መኪና ኋላ የተያዘ ሰው ያውቀዋል። የፊተኛው ሾፌር መንገዱ ክፍት መሆኑን አይቶ ቀኝ ፍሬቻውን ብልጭ ያደርግልሃል፤ «እለፍ» ማለቱ ነው። ግራውን ካበራ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። አንዳንዱ አልፈህ ስትሄድ ጡሩንባ ይነፋልሃል፣ አንተም ታመሰግነዋለህ። በሕግ መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ግን ስንት ነፍስ ያተረፈ ቋንቋ ነው። ይህ ሁሉ ንግግር የሚካሄደው በኋላ መብራት ነው። መብራቱን ላስቲክ ስናለብሰው ያንን ቋንቋ አፉን ያዝነው ማለት ነው።

የመንገድ አደጋ በአገራችን ጨዋታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ በኢትዮጵያ ከ27 ሺህ በላይ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ገምቷል፤ በፖሊስ ተመዝግቦ የቀረበው ደግሞ ከ4 ሺህ በላይ ነበር። የትኛውን ቁጥር ብትወስዱ ለቅሶው ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በላስቲክ ምክንያት ሞተ ብለን አንዋሽም። መዝገቡ ላይ ምክንያቱ «ርቀት ጠብቆ ባለመንዳት» ተብሎ ሊሞላ ይችላል። የሞተው ሰው ደግሞ «መብራቱ አልታየኝም» ብሎ አይመሰክርም።

ባቡሩ እስኪመጣ

ለምን ሐራ ላይ እንዲህ አጥብቀን ተናገርን? አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ሐራ ገበያ የሚለው ስም በአገራችን የባቡር ዕቅድ ውስጥ በትልቁ የተጻፈ ስም ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መስመር በቱርኩ ያፒ መርከዚ ተቋራጭነት ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነበር። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥል ሌላ መስመርም ታቅዶ ነበር። ብዙ ተወራ፣ ብዙ ተቆፈረ፣ ከዚያ ገንዘቡ አጠረ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ባቡር ከመጣ ጭነቱ ከአስፋልቱ ላይ ይወርዳል፣ መንገዱም ይተነፍሳል ብለን ነበር። እስከዚያው ግን የአካባቢው ሰው የሚበላውም፣ የሚለብሰውም፣ የሚታከምበትም የሚመጣው ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋው በዚህ አስፋልት ላይ ነው። የሐብሩ ገበሬ ምርቱን የሚጭነው በዚሁ ነው። በገና ሰሞን ወደ ላሊበላ የሚወጣው ምዕመን ወልድያ የሚደርሰው በዚሁ ነው። ከአፋር በኩል ለገበያ የሚመጣው ግመልም ይህንኑ አስፋልት ያቋርጣል፤ ለግመል ደግሞ የፍሬን መብራት አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

ስለ ባቡር ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በባቡሩ ዓለም ከጥንት ጀምሮ የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ላይ ቀይ መብራት ይሰቀላል። የጣቢያው ሠራተኛ ባቡሩ ሲያልፍ የሚጠብቀው ያንን መብራት ነው። ካየው ባቡሩ ሙሉ ነው፣ ምንም አልተቆረጠም፣ ቀጣዩን ልቀቅ። ካላየው ሐዲዱ ላይ የቀረ ፉርጎ አለ ማለት ነው፣ ሁሉም ይቁም። ያንን መብራት «አላማረኝም» ብሎ የሚሸፍን ባቡረኛ ሥራው ላይ የሚያድር አይመስለንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ባለመኪና ወንድማችን፣ እህታችን፦ ዛሬ ማታ አንድ ሰው ፍሬን እንዲይዝልህ አድርግና ከመኪናህ ኋላ ሃምሳ እርምጃ ሄደህ ዙር። ነገ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ድገመው። «በርቷል እንዴ?» ብለህ ከጠየቅህ መልሱን አግኝተኸዋል። ላስቲኩ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይላጣል። ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ያልቃል፣ አብሽር።

ላስቲክ ለጣፊ ጓደኞቻችን፦ እንጀራችሁን አንነካም። መስተዋቱ አለ፣ ጣሪያው አለ፣ ዳሽቦርዱ አለ። እንዲያውም ሌላ ሥራ እንጠቁማችሁ፤ የሚያንጸባርቅ ስቲከር ሽጡ። ለጭነት መኪናው ጎንና ጀርባ፣ ለባጃጁ፣ ለጋሪው ሳይቀር። እጃችሁ ያው እጅ ነው፣ ሙያው ያው ሙያ ነው፤ ልዩነቱ ሰው እንዲታይ ማድረጉ ነው።

ቦሎ የምትሰጡ መርማሪዎች፦ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ምርመራን ግዴታ ያደረገው ለወረቀት ብሎ አልነበረም። መብራቱ «አለ ወይ» ብቻ አትበሉ፤ አስበርታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ፣ በፀሐይ እዩት። ለምርመራ ቀን ተልጦ በማግስቱ የሚለጠፍ እንዳለም ታውቃላችሁ። ስለዚህ መንገድ ላይ ያሉት ትራፊኮች ደግሞ ከጋቢናው በር በፊት የመኪናውን ጀርባ ይዩ።

የጭነት መኪና ባለንብረቶች፦ እናንተንም አልረሳንም። ለአምፖል የሚወጣ ብር ከአንድ ጉዞ ጥሬ ገንዘብ ውስጥ ምን ያህል ነው? ሾፌሩ «መብራት የለኝም» ሲል «ነገ» አትበሉት። ያ «ነገ» ለሌላ ሰው ላይደርስ ይችላል።

የዚያን ዕለት ታሪክ መጨረሻ ይህ ነው። የቪትዟ ልጅ አልተከራከረም። ከኪሱ ቁልፉን አወጣና በጥርሱ ላስቲኩን ጫፉ ላይ መፋቅ ጀመረ። እኛም ጥፍራችንን ይዘን ገባንበት። ሙጫው ግትር ነው፣ ግማሹ ተላጠ ግማሹ ቀረ፣ ያች ሸጋ ቪትዝ ለምጽ የወጣባት መሰለች። ኤፍ ኤስ አሩ ላይ ያሉት አባት ሲያዩን ቆዩና ወደ ጋቢናቸው ወጡ። «አሁን ቅደሙ፣ እኔ ከኋላ ነኝ» አሉን።

እስከ ሐራ ድረስ ተከትለውን መጡ። ከፊታችን ያችው ቪትዝ በየኩርባው ቀይ ትበራለች። አታምርም፣ ትታያለች።

ቸር እንሰንብት።